ምናለሽ ተራ ዝም ያለ ዕለት

ኢንተርቪው ያለብኝ ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ነበር። ዓርብ ቢሆን አባቴ ከሚሠራበት ተራ ግማሹ ሰው ጁምዓ ስለሚሄድ ይቀለኝ ነበር፤ ግን የሆላንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እኔን አማክረው ቀን አይቆርጡም። ከሦስት መቶ አመልካች ስምንት ቀርተናል። ከስምንታችን ሁለት ሰው አንድ ሴሚስተር እዚያ ሄዶ ይማራል፤ ቲኬቱም፣ ማደሪያውም፣ ምግቡም በእነሱ። ሦስት ቀን ሙሉ እህል በቅጡ አልበላሁም፣ እንቅልፍም አልተኛሁም፣ ደግሞ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዩኒቨርሲቲ ግቢያችን ውስጥ ላብራቶሪ አስይዤ፣ የእህቴን ሸሚዝ ተውሼ፣ መልሴን ሁሉ ሸምድጄ ተዘጋጅቼ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ዘበኛው ሰማዩን አየት አድርጎ "ዛሬ አትጠብቂ" አለኝ፤ መብራት ከሰማይ የሚመጣ ይመስል። ላፕቶፔን አቅፌ በታክሲ አብነት ወረድኩና ያገኘሁት ኢንተርኔት ቤት ሁሉ ገባሁ። አንዱ መብራት የለውም፣ አንዱ ኔትዎርክ የለውም፣ ሁለቱም ያለው ደግሞ ፊልም በሚያወርድ ሰው ተሞልቷል። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የቀረኝ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከአባቴ መደብ ፊት ለፊት ፎቅ ላይ ያለችው የጃፋር ብሎን መሸጫ። ጃፋር ከመርካቶ ብሎን ሻጮች ሁሉ ፈጣን ኢንተርኔት ያለው ሰው ነው። ለብሎን ምን እንደሚያደርግለት ጠይቄው አላውቅም።

ችግሩ ቦታው ምናለሽ ተራ መሆኑ ነው። እዚያ አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ ባልዲ፣ ሳጥን ይሆናል። መቶ መዶሻ አንድ ላይ ሲያርፍ ሰው በአፉ መነጋገሩን ይተዋል፤ የሚያወራው በእጁ ነው። ቡጢን መዳፍ ላይ ሁለቴ መምታት "ምታ፣ ቀጥል" ማለት ነው። ትከሻን ነካ አድርጎ እጅን ወደ አስፋልቱ መወርወር "ተሽጧል፣ ሊሄድ ነው" ነው። በላዩ ላይ በጣት ክብ ከተሠራ ደግሞ ዕቃው የሚሄደው ለናሙና ነው፣ ይመለሳል። እኔ ይህን የእጅ ቋንቋ ገና ፊደል ሳልቆጥር ነው ያወቅኩት። አባቴ ሐምዱ አሁን አሁን ከዚህ ሌላ ብዙም አይሰማም፤ ከወሎ ከመጣ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት በርሜል መትቶ ጆሮው ደክሟል። ለሆላንዶቹ የጻፍኩትም ስለዚሁ ነበር። የተራውን ጩኸት በስልኬ ስለካ ከርሜ፣ ከሚመታው ብረት ሥር አሮጌ ጎማ ቢነጠፍ ምን ያህል እንደሚቀንስ መማር እፈልጋለሁ አልኳቸው።

እንደደረስኩ አባዬን ክንዱን ይዤ ላፕቶፑን አሳየሁትና አሥር ጣቴን ሁለቴ ዘረጋሁለት፤ የሃያ ደቂቃ ጸጥታ። ገባው። መሃል መንገድ ላይ ቆሞ መዶሻውን መሬት አስቀመጠና መዳፉን ወደ ታች ዘረጋ። መቺዎቹ አንድ በአንድ መምታቱን አቆሙለት፤ ከጎረቤቱ ምድጃ ሠሪ ከጋሽ አስናቀው በስተቀር።

"ስልሳ ምድጃ ለሻሸመኔ አለብኝ። መኪናው አሥር ሰዓት ይነሳል" አሉኝ። "ፈረንጆቹ ትንሽ ይጠብቁሽ።"

"ጋሽ አስናቀው፣ እነሱ አይጠብቁም።"

"እኔስ ጠባቂ መሰልኩሽ?"

አባዬ ክርክሩን አልሰማም፤ ፊታችንን ግን አየ። ሄዶ ያልተመታው ቆርቆሯቸው ላይ ተቀመጠና "እሷ ስትጨርስ አብሬህ እመታለሁ" አላቸው፣ እንደ ልማዱ እየጮኸ። ጋሽ አስናቀው ክፉኛ ተቀይመው መዶሻቸውን ጣሉ። ከዚያ አባዬ ለተራው ሁሉ አዋጅ ነገረ፤ እኔ ልጁ ሰኪና ራሴ ወርጄ አለቀ እስክል ድረስ ብረት የሚነካ እንዳይኖር።

ስካይፑ በሰዓቱ ተከፈተ። አንዲት ሽበታም ፕሮፌሰርና ሁለት ወንዶች ናቸው። ላብ ያጠምቀኛል ስል ምላሴ ተፈታ፤ እንግሊዝኛው ከየት እንደሚመጣልኝ እኔንም ገረመኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል እንዲህ በሰላም ሄድን።

ከዚያ ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አወለቀች። "በአባትሽ ሰፈር አጠገብሽ ያለ ሰው ቢጮህ አይሰማም ብለሻል። አሁን የት ነሽ?"

"እዚያው ነኝ። የአባቴ መደብ በመስኮቱ ይታየኛል።"

ሦስቱም ተያዩ። ታች የሆነ ሰው ሲያስል ጥርት ብሎ ተሰማ። አንደኛው ሰውዬ በትሕትና ፈገግ አለና "ልኬቱን የወሰድሽው ራስሽ ነሽ?" አለኝ።

ደሜ ፈላ። በሰዎቼ ደግነት ውሸታም ሆኜ ቁጭ አልኩ። አንድ ደቂቃ ስጡኝ ብዬ መስኮቱን በረገድኩና "ምቱ" ብዬ ጮህኩ። ማንም አልተነቃነቀም። ሁሉም አንጋጠው በድንጋጤ ያዩኛል። ጋሽ አስናቀው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም በይ ይሉኛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወታቸው ዝምታን ደግፈው መቆማቸው ነው። አባዬ ጩኸቴን አልሰማም። ቀና ሲል ግን ቡጢዬን መዳፌ ላይ ሁለቴ መታሁለት። ቅንድቡን ሰበሰበ። ደገምኩለት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ መዶሻውን አነሳ።

እሱን ተከትሎ ተራው በሙሉ ተነሳ። በእልህ ነበር የሚመቱት፤ ሃያ ደቂቃ ታፍነው የቆዩ ሰዎች ናቸው። የጃፋር ብሎኖች በየሳጥናቸው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ላፕቶፑን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ጠያቂው ሰውዬ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ወረወረው። ፕሮፌሰሯ አፏን ይዛ ትስቃለች፣ ትናገራለች፤ አንድ ቃል አልሰማሁም። ጆሮዬን ጠቁሜ ራሴን ነቀነቅኩላት። ወረቀት ስባ በወፍራም ስክሪብቶ ጻፈችና ወደ ካሜራው አስጠጋችው፤ ደብዳቤው ይደርስሻል፣ ጥር ላይ እንጠብቅሻለን ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። መቺዎቹ ስወርድ ሲያዩ መዶሻቸውን መልሰው አቆሙ።

"አለፍኩ አባዬ፣ ልሄድ ነው" አልኩት።

እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። "ምን?"

"ሆላንድ ልሄድ ነው።"

"ምን አልሽ?"

በሦስተኛው ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ጃፋር ከፎቅ አፏጨ፣ ከወዲያ ማዶ ሴቶች እልል አሉ፣ ጋሽ አስናቀው "ጎሽ የኔ ልጅ" ብለው ፊታቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ተራው ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ አባቴ ብቻ አፍ አፌን ያየኛል።

ትከሻዬን ነካ አድርጌ እጄን ወደ አስፋልቱ ወረወርኩ።

ክው አለ። አስፋልቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ያንን የተሰነጣጠቀ ጣቱን አንስቶ ቀስ ብሎ በአየር ላይ ክብ ሠራ፤ እየጠየቀኝ ነው።

ክብ ሠራሁለት። አንዴ ስላልበቃኝ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እጄን እስከ መጨረሻው ዘርግቼ ሠራሁለት።

እሱም ቡጢውን መዳፉ ላይ ሁለቴ መታ።