ክር የሚበጥሰው መርፌ

ማሽናችን ሲባጎ መበጠስ የጀመረው ሣሩ ታጭዶ ሜዳው ላይ በተዘረጋበት ሳምንት ነው። ሱሉልታ ያለው የአባቴ መሬት ሰፊ አይደለም፤ ግን ከእሱ የሚገኘው ድርቆሽ በጋውን ሙሉ ላሞቻችንን ያኖራል። በትራክተር የሚጎተተው የድርቆሽ ማሰሪያ ሣሩን ከመሬት እያነሳ ይጠቀጥቃል፣ በሁለት ሲባጎ ያስራል፣ ከኋላው ይጥላል። አሁን ግን የግራው ሲባጎ እየተበጠሰ እስሩ ገና ከማሽኑ ሲወጣ ይበተናል። ሰማዩ ደግሞ ለኅዳር ያልተለመደ ደመና ይዟል።

“ከረጠበ ይሻግታል” አለ አባቴ። “ከሻገተ ሁለቱን ላሞች መሸጥ ነው እንግዲህ።”

እኔ የምሠራው ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው። ያን እሁድ ወላጆቼ ዘንድ ነበርኩ። አባቴ ፒያሳ ለሚኖር መርሻ ለሚባል ጓደኛው ደወለ። መስመሩ ስለሚቆራረጥ “መርፌው ነው! መርፌው ክር ይበጥሳል!” እያለ ሲጮህ ሰማሁት። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ በራ።

“ሰው ተገኘ። ሙሄ ይባላሉ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ናቸው። ክር የሚበጥስ መርፌ ከሆነ ከእሳቸው ሌላ ማንም ጋ እንዳትሄዱ አለኝ።”

የማሽኑ መርፌ ክንድ የሚያህል፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ ብረት ነው። ሲባጎውን በጫፉ ቀዳዳ ይዞ በሣሩ በኩል ያሳልፋል። አባቴ የግራውን ፈትቶ ሰጠኝ። ደህነኛውንም እንዲፈታልኝ ለመንኩት። ሰው ፊት ማስረዳት ስለሚከብደኝ የማሳየው ነገር ይዤ መሄድ እወዳለሁ።

ሰኞ ጠዋት ከቢሮ ፈቃድ ጠይቄ፣ ሁለቱን መርፌዎች በጆንያ ጠቅልዬ ሚኒባስ ስገባ፣ ረዳቱ “እህት፣ ማጭድ ከሆነ ስለቱን ወደ ሾፌሩ አዙሪልኝ፣ ትንሽ ይፍጠን” አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ጆንያውን አቅፌ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ጋሽ ሙሄ ድሮ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነበር ሱቃቸው። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ኤርሚ ከሚባል በያጅ ጋር ድልድዩ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተጋርተዋል። በሩ ላይ ስደርስ መደርደሪያው ከላይ እስከ ታች የስፌት መኪና ነው። የልብስ ስፌት መኪና። ያኔ ገባኝ፤ መርሻ የእናቴ የስፌት መኪና የተበላሸ መስሎታል።

መመለስ አሰብኩ። ግን እኚህ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ አይተውኛል።

“ግቢ የኔ ልጅ። ምን ነበር?”

“መርፌ ነበር… ክር የሚበጥስ” አልኩ።

“መርፌማ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። እስቲ አሳዪኝ።” ሁለት ጣታቸውን ዘረጉልኝ።

ጆንያውን ፈታሁ። ኤርሚ የያዘውን መዶሻ ጣለ።

“ጋሽ ሙሄ! እንጦጦ ተቀደደ እንዴ?”

“ዝም በል አንተ።” ሳቃቸውን ውጠው ወደ እኔ ዞሩ። “ምን የሚሰፋ ነው?”

ስለ ማሽኑ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ደመናው ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ “ክሩንስ ይዘሻል?” አሉኝ። የተበጠሰውን ሲባጎ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ጫፉን ወደ ብርሃን አስጠጉት።

“የሚበጠሰው መርፌው ሲሄድ ነው ሲመለስ?”

“ሲመለስ። ሁልጊዜም በአንድ ጎኑ ነው የሚላላጠው፤ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ።”

“አይተሻል?” መነጽራቸውን አወረዱ። “እንግዲያው ግማሹን ሥራ ጨርሰሽልኛል።”

ከመሳቢያቸው አንድ ያረጀ የሴት ስቶኪንግ አወጡ።

“ጋሽ ሙሄ፣ የማን እንደሆነ ዛሬም አይነግሩንም?” አለ ኤርሚ።

“የአክስትህ ነው!”

ስቶኪንጉን በደህነኛው መርፌ ቀዳዳ ሳቡት፤ እንደ ውሃ አለፈ። በግራው ሲስቡት ተያዘ፣ አንድ ክሩም ተተረተረ። ጣታቸው ያረፈበትን ቦታ ሳይ፣ ሲባጎው ለዓመታት እየተፋተገ ብረቱ ላይ ቀጭን ቦይ አውጥቶበታል።

“የልብስ መኪናም በሽታው ይኸው ነው” አሉ። “የአንቺው ወፈር ይላል እንጂ። ኤርሚ በነሐስ ይሞላዋል፣ እኔ ሞርጄ አለሰልሰዋለሁ። የምፈራው እሳቱን ነው። በሙቀቱ ከተጣመመ መንገዱን ስቶ ሌላ ብረት ይመታል።”

ደህነኛውን መርፌ ወለሉ ላይ ባለ ጣውላ ላይ አጋደምኩት፤ ከጠረጴዛቸው የልብስ ሰፊ ጠመኔ አንስቼ ዙሪያውን ሣልኩ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው።

“ልኩን ወሰደችለት!” አለ ኤርሚ። “ቀጥሎ ሱሪ ትሰፋለታለች።”

ይቀልዳል እንጂ በያጅነቱ ሌላ ሰው ነው። ቦዩን ሞልቶ ሲያበቃ፣ እስኪበርድ ጠብቀን ጣውላው ላይ አጋደምነው። ጫፉ ከመስመሩ በጣት ያህል ወጥቷል። ኤርሚ አልቀለደም። እንደገና አሙቆ፣ በቀስታ እየመታ፣ እየለካ፣ መስመሩ ላይ አስተኛው።

ጋሽ ሙሄ ሞረዱን ያዙ። ውጭ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁና በሩ ላይ ወጥቼ ወደ ሱሉልታ አቅጣጫ አየሁ። እንጦጦ በደመና ተሸፍኗል። በዚህ መሃል አንድ ልብስ ሰፊ የራሱን መኪና ተሸክሞ መጣ።

“ነገ ና” አሉት ጋሽ ሙሄ፣ ቀና ሳይሉ። “የዚች ልጅ ሣር ሜዳ ላይ ነው።”

ሜዳውን አይተውት አያውቁም። ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስኩ።

ስቶኪንጉ መጀመሪያ ተያዘ። እንደገና ሞረዱት። አሁንም ተያዘ። ለሶላት ተነስተው “እንዳትሄጂ” ብለውኝ ወጡ፣ ተመልሰው በሸካራ ወረቀት ደጋግመው ፈተጉት። በመጨረሻ ስቶኪንጉ ሳይነካካ አለፈ። የሥራቸውን ከፍዬ ስወጣ ማመስገኔን እንጃ።

ሱሉልታ ስደርስ ዝናቡ ገና አልጀመረም፤ ከሰዓት በኋላ አባቴ መርፌዎቹን ገጠመ። ትራክተሩ ተነሳ። የመጀመሪያው እስር ከኋላ ወጣና መሬት ላይ ወደቀ። አልተበተነም። አባቴ በእግሩ ገፋው፣ ሲባጎውን ሳብ ሳብ አደረገው፣ ከዚያ ላዩ ላይ ተቀመጠና ኮፍያውን አወለቀ። ጎረቤቶች ከነልጆቻቸው እስሩን ሊያስገቡልን ወጡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሜዳው ባዶ ሆነ።

በማግስቱ አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ ወረደ። ከቢሮ ወጥቼ በጥላ ወደ ድልድዩ ሄድኩ። በመንገዴ የምናገረውን ቃል በቃል አዘጋጅቼ ነበር። ጋሽ ሙሄ በሩ ላይ ቆመው ዝናቡን ያያሉ፤ ሥራቸውን ትተዋል። ሲያዩኝ ሰላምታም አላስቀደሙ።

“ሣሩስ?”

“ገብቷል” አልኩ። “ሁሉም ገብቷል።”

“አልሐምዱሊላህ!” ሁለት መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። “አልሐምዱሊላህ፣ የኔ ልጅ።”

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ላመሰግን መጥቼ እሳቸው ቀድመው አመሰገኑ።