የቀስበል ምክር

ከተማዋ ተራራው ላይ የተንጠለጠለች ናት። አውቶቡሱም፣ ገበያውም፣ ሆስፒታሉም ታችኛው ሰፈር ነው። ላይኛው ሰፈር የሚደረሰው ግን ወይ በኬብል ካር ነው፣ ወይ በእግር። በእግር ሲሆን ስድስት መቶ አርባ የድንጋይ ደረጃ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።

ታች ጣቢያው ላይ፣ ከትንሿ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ ቲኬት የሚቆርጠውን ሰው ከተማው ሁሉ “ቀስበል” ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም አሁን የምትጠራው እሷው ብቻ ናት። ቅጽል ስሙን ያተረፈለት ምክሩ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቲኬቱን ከነመልሱ ያቀብልና ማንም ሳይጠይቀው ምክሩን ይመርቃል።

“ዛሬ የገባችሁ ዛሬ አትውጡ። አንድ ሌሊት ታች እደሩና ሳንባችሁ ከአየሩ ጋር ይተዋወቅ። በደረጃ የምትወጡ ቀስ በሉ። እየወጣችሁ አታውሩ፤ ወሬ ሲወረድ ነው። ሽቅብ አትዩ፤ ከፊታችሁ ያለውን ሰው ተረከዝ እዩ። ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ደግሞ የሰፈሩን ሰው ‘ስንት ቀረን?’ ብላችሁ እንዳትጠይቁ። ‘ደረሳችሁ’ ነው የሚላችሁ። የኛ ሰው ደረሳችሁ ካላችሁ ገና ግማሹን አልሄዳችሁም ማለት ነው።”

እንግዳው ይስቃል። ቀስበልም አንድ ሰው ከጉዳት ያዳነ ያህል ደስ ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ያዳናቸውም አሉ።

የዚያን ዕለት ግን ምክሩ ከአፉ የሚወጣው እንዲያው በልማድ ነበር። ከንጋት ጀምሮ የተነሳው ንፋስ ኬብል ካሩን አስቁሞታል፤ ሳጥኖቹ ገመዱ ላይ እየተወዛወዙ ባዶ ሰማይ ላይ ቀርተዋል። እንግዶቹ መስኮቱን ከበው “መቼ ይጀምራል?” ይላሉ። የእሱ ልብ ግን ላይኛው ሰፈር ነው፣ ከስድስት መቶ አርባው ደረጃ ጫፍ፣ እናቱ አልጋ አጠገብ። ሐኪሞቹ “ቤቷ ትረፍ” ብለው ከላኳት አምስተኛ ቀኗ ነው። ጠዋት ሚስቱ “ቤት ውስጥ እየተንጎራደድክ አዞርከኝ፣ ሥራህ ግባ፤ ካስፈለግክ እደውላለሁ” ብላ አስወጣችው። እሱም በደረጃው ወርዶ መጣ። በልቡ ግን “ጌታዬ፣ አንዲት ቀን ጨምርላት” ማለቱን አላቋረጠም። ቀኗን ለምን እንደፈለጋት ራሱም አያውቅም ነበር።

አንገቱ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለ ወፍራም እንግዳ ምክሩን ሰምቶ “ደረሳችሁ ካሉን ግማሽ አልሄድንም! ይቺን ይዣለሁ” እያለ ሲስቅ፣ ከኋላው ሌላ ፊት ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ።

“አንድ ቲኬት። የመውጫ ብቻ።”

ቀስበል ድምፁን አውቆ ቀና አለ። ታናሽ ወንድሙ ነው። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ትንፋሹ ሊፈላ እንደተቃረበ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል። አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዟል።

“አንተ! ማን ነገረህ?”

“ሚስትህ ናት እንጂ፣ አንተማ መቼ ልትነግረኝ ጋሼ።”

ይህ ወንድሙ ቆላ የእብነ በረድ ፋብሪካ ውስጥ ድንጋይ ሲቆርጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። ብናኙ ሳንባው ላይ ተጋግሮ ቀርቷል። ከሰባት ዓመት በፊት ሐኪሙ “ከፍታ ላይ እንዳትወጣ” አለው። እናትየዋ ደግሞ ጉልበቷ ከድቷት ቁልቁል መውረድ አቅቷታል። እናትና ልጅ ከዚያ ወዲህ የተገናኙት በስልክ ብቻ ነው። በየዓመቱ ልጁ “ልምጣ” ሲል፣ እናቱም “ወስዳችሁ አሳዩኝ” ስትል፣ መሃል ቆሞ ለሁለቱም የሚመክረው ቀስበል ነበር። “ቀስ በል፣ ዘንድሮ አየሩ ከባድ ነው።” “ቀስ በይ እማዬ፣ ለከርሞ ጉልበትሽ ይጠና።” ከፍቶ አልነበረም። አንዱን ለሌላው እንዳይገብር ፈርቶ ነው።

“ኬብል ካሩ ቆሟል” አለው። “ዛሬ ታች እደር። ጠዋት ንፋሱ ሲበርድ…”

“ጠዋት እሷ አለች?”

ቀስበል መስኮቱን ዘጋ፣ ሁለት ጠርሙስ ውሃ አነሳ፣ የወንድሙን ሻንጣ ትከሻው ላይ አደረገ፣ ለሚስቱ “አብረን እየመጣን ነው” ብሎ ደወለና ወጣ።

የመጀመሪያውን መቶ ሠላሳ ደረጃ በደንቡ ወጡት። አሥር ደረጃ መውጣት፣ ሃያ ትንፋሽ መቆም። ቀስበል ፊት ፊት፣ ወንድሙ ዓይኑን የታላቁ ተረከዝ ላይ ተክሎ። የሰፈሩ ሰው “ምላስ ማውጫ” የሚለው ማረፊያ ላይ ተቀመጡ።

“አስታወስከው?” አለ ወንድሙ፣ ትንፋሹን እየቆራረጠ። “እዚህ ጋ… ትምህርት ቤት ስንሄድ… አዝለኸኝ…”

“አታውራ። ወሬ ሲወረድ ነው።”

“እኔ አልወርድም ጋሼ። የመውጫ ብቻ ነው የጠየቅኩህ።” ፈገግ ሊል ሞክሮ ሳል አቋረጠው። ሳሉ ሲለቀው ፊቱ ተለወጠ። “ሰባት ዓመት ቀስ በል ስትለኝ ኖርክ። እንደ ልጅ እሺ እያልኩህ። ይኸው ቀስ ብዬ መጣሁልህ፣ መሞቻዋ ቀን ላይ።”

ቀስበል ውሃውን ከፍቶ ሰጠው። ከዚያ የጠርሙሱን ክዳን በጣቱ ያዞረው ጀመር።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

“የት ደረሳችሁ? እማማ እየጠሩት እኮ ነው! ዓይናቸውን ከበሩ ላይ አላነሱም። የምትሆኑትን ሁኑ፣ ብቻ ቶሎ!”

ያኔ ነው ቀስበል የኖረበትን ደንብ በገዛ እጁ ያፈረሰው። ወንድሙን ብብቱ ሥር ገብቶ ደገፈውና “ተነስ፣ በለው እንግዲህ” አለ። ሃያ ደረጃ ሳይቆሙ ወጡ። ከዚያ ሃያ። ከዚያ ሠላሳ። ወንድሙ “ስንት ቀረ?” ሲል “ደረስን” አለው፤ ገና ሁለት መቶ እንኳን አላለፉም ነበር። “ደረስን፣ ደረስን፣ ያቺውና” እያለ፣ ግማሽ እየደገፈ ግማሽ እየጎተተ ወሰደው። በልቡ እየጸለየ ነበር፤ ግን ጸሎቱም እንደ እግሩ ተጣድፎ ቃላቱ እርስ በርስ ይረጋገጡ ነበር።

ሦስት መቶ አሥረኛው ደረጃ ላይ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት፣ የወንድሙ ጉልበት ታጠፈ። ከንፈሩ ጥቁር እንጆሪ እንደ በላ ልጅ ጠቁሯል። ቀስበል የብረት አግዳሚ ወንበር ላይ ሲያስቀምጠው፣ ባለ መድኃኒት ቤቷ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ሮጣ ወጣች። ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያዋን ሰካች፣ የሚነፋ መድኃኒት አፉ ውስጥ አስገባች፣ ቁጥሩን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ።

“ከዚህ በኋላ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ቢረግጥ እኔ የለሁበትም” አለች። “ቁልቁል ውሰዱት። አሁኑኑ።”

“አልወርድም” አለ ወንድሙ፣ የአግዳሚውን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ።

“አንተ ጅል፣ ትሞታለህ እኮ!” አለ ቀስበል።

“ታዲያ ልሙታ! ካልወጣሁማ ምን ልሆን መጣሁ?”

ቀስበል ዞረበት። ከላይ እናቱ እየሄደች ነው፣ ከሥር ወንድሙ እየታፈነ ነው፤ ሁለቱንም ያዘገየው ምክሩ ነው፣ አሁን ደግሞ ወንድሙን ያጣደፈው የገዛ እጁ ነው። ደረጃው ላይ ተንበርክኮ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። “ጌታዬ፣ አንተው እንደ ፈቀድክ” ለማለት ፈልጎ ነበር፤ ግን አልወጣውም። የወጣው “ኧረ አንድ ነገር!” ብቻ ነው።

ለሚስቱ ደወለ። “አልቻለም። መድኃኒት ቤቱ ጋ ወድቋል። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊላት፣ ቢያንስ ድምፁን…”

“ድምፄን ሰባት ዓመት ሰምታዋለች” አለ ወንድሙ።

በስልኩ ውስጥ ኮሽታ ተሰማ፣ ከዚያ የደከመ፣ ግን ቁጡ ድምፅ። እናቱ ናት፤ ስሙን ጠራችው፣ ማንም የማይጠራውን።

“መድኃኒት ቤቱ ጋ ነው ያላችሁ?”

“አዎ እማዬ።”

“አምጡኝ።”

“እማዬ፣ እንዴት ተደርጎ? በዚህ ንፋስ፣ በዚህ ድካምሽ… ቀስ ብለን እናስብበት…”

“ምን እስክሆን ነው የምታስበው? አውርዱኝ አልኩ።”

ስልኩ ተዘጋ። ቀስበል ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ቆመ። ላይ ወጥቶ እንዳይሸከም ወንድሙን ጥሎ መሄድ ነው፤ ተቀምጦ መጠበቅ ደግሞ እሳት ላይ መቀመጥ ሆነበት። የወንድሙን ጀርባ እያሸ ደረጃውን ሽቅብ አየ። ሰው ሁሉ ሽቅብ እንዳያይ የሚመክረው እሱ፣ ዓይኑን ከላይ መንቀል አቃተው።

ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያልፍ ጥቁር ነገር ከላይኛው መታጠፊያ ብቅ አለ። የጎረቤታቸው የፀጉር አስተካካዩ ባለ መደገፊያ ወንበር ነው። ፀጉር አስተካካዩ ከፊት፣ ሌላው ጎረቤታቸው አናጢው ከኋላ ይዘውታል። እናትየዋ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ በአንሶላ ከወንበሩ ጋር ታስራ ተቀምጣለች። የቀስበል ሚስት አንገቷን ደግፋ ከጎን ትወርዳለች። ንፋሱ የብርድ ልብሱን ጫፍ እየገለጠ ያርገበግበዋል።

ቀስበል በሆዱ “ቶሎ! ቶሎ!” ይላል። ያኔ አናጢውን አንሸራተተው፤ ወንበሩ ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ፤ ሚስቱ ጮኸች። በጭንቅ ቀና አደረጉት።

“ጋሼ” አለ ወንድሙ፣ ክንዱን ጨብጦ። “ንገራቸው እንጂ። ቀስ በሉ በላቸው።”

ቀስበል አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ተሰባብሮ ወጣ። “ቀስ በሉ! ኧረ ቀስ በሉ!”

“ይኼ ሰውዬ ዛሬም አይተወንም” አለ ፀጉር አስተካካዩ ከላይ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ። “እማማ፣ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጡ ጎን ጎኑን ላሳጥርልዎት ወይስ ይበቃዎታል?” እናትየዋ ስትስቅ ትከሻዋ ነቅነቅ ሲል ታየ።

ወንበሩን አግዳሚው ፊት አስቀመጡት። የእናትና የልጅ ጉልበት ተነካካ። እጇን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥታ ፊቱን ዳሰሰችው፣ ግንባሩን፣ የገባውን ጉንጩን፣ የጠቆረውን ከንፈሩን።

“ከሳህ።”

“አንቺስ።”

“እኔማ መንገደኛ ነኝ። አንተ ምን ሆነህ ነው?” ትንፋሿን ሰበሰበች። “ስንት ደረጃ ወጣህ?”

“ሦስት መቶ አሥር።”

“እኔ ሦስት መቶ ሠላሳ ወረድኩ። በሃያ በልጬሃለሁ።”

ልጁ ግንባሩን ጉልበቷ ላይ ደፍቶ አለቀሰ፤ ልቅሶውም ሳልም አንድ ላይ ሆነ። ቀስበል ከወንበሩ ጎን ተንበረከከ።

“እማዬ፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያቆየሁት።”

“አውቃለሁ” አለች። ሌላ ነገር ትላለች ብሎ ጠበቀ። እጇ ከታናሹ ራስ ላይ ሳይነሳ ዓይኗ ወደ እሱ ዞሮ ቆየ። ይቅርታ ይሁን፣ ድካም ይሁን፣ መለየት አልቻለም። ከዚያ ዓይኗ እንደዚያው ቀረ። ባለ መድኃኒት ቤቷ ጎንበስ ብላ የእጇን የደም ሥር ምት ፈለገች፤ ቀና ስትል ፀጉር አስተካካዩ ባርኔጣውን አወለቀ።

 ከሆነ ሰዓት በኋላ የብርድ ልብሱ ጫፍ መርገብገቡን አቆመ። ከላያቸው ገመዱ ሲጢጥ ሲል ተሰማ፣ ሳጥኖቹ አንድ በአንድ መንቀሳቀስ ጀመሩ። የቀስበል ስልክ ጮኸ።

“ቀስበል፣ ንፋሱ በረደልን፣ ሞተሩን አስነሳሁት” አለ የኬብል ካሩ ሞተረኛ በደስታ። “እናትህ ጋ የሚሄድ ሰው ካለ ላከው!”

ቀስበል ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ኪሱ ከተተው።

“ወደ ቤቷ መግባት አለባት” አለች ሚስቱ በቀስታ። “ሽቅብ ተሸክመን መውጣት አንችልም። ወደ ጣቢያው ወርደን በኬብል ካሩ ብንወስዳትስ?”

“አብሬያት ነው የምወጣው” አለ ወንድሙ።

ባለ መድኃኒት ቤቷ ቀስበልን አየችው። አናጢውም፣ ሚስቱም አዩት። ይውጣ? አይውጣ? በዚህ ከተማ ስለ መውጣት የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው። የወንድሙን ከንፈር አየ፣ የእናቱን ፊት አየ።

“አላውቅም” አለ።

ወንድሙ መልስ ሳይጠብቅ ተነሳ። የወንበሩን አንድ እግር ያዘ፣ ሊሸከም ሳይሆን እንዲሁ ሊነካ። ሁለቱ ተሸካሚዎች፣ ሚስቱና ወንድሙ ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። ቀስበል ሻንጣውን ይዞ ከኋላ ተከተለ። ምላስ ማውጫ ሊደርሱ ሲሉ ሚስቱ ዞር ብላ “አንድ እግራቸው ባዶ ነው” አለች። የእናቱ አንድ ነጠላ ጫማ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል።

ቀስበል ሻንጣውን ጥሎ ዞረ። ሮጠ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ደረጃ ላይ ሲሮጥ ያየው ሰው አልነበረም፤ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ፣ ደረቱ እየተቃጠለ ሮጠ። ጫማዋ አግዳሚው ሥር ተጋድማ ነበር። ማሰሪያዋን ባለፈው ክረምት በሰም ክር የሰፋላት እሱ ነው። አንስቶ ደረቱ ላይ ለጠፋት፣ መተንፈስ አቅቶት የአግዳሚውን ብረት ተደገፈ።

ካሜራ ያንጠለጠለው እንግዳ፣ ኬብል ካሩን መጠበቅ ሰልችቶት በእግሩ ተነስቶ ኖሮ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ከሥር ደረሰ።

“ጌታው!” አለ እየሳቀ እያለከለከ። “እርስዎም ይሮጣሉ እንዴ? በሉ ይንገሩኝ፣ ስንት ቀረኝ?”

ቀስበል ቀና ብሎ አየው። ሦስት መቶ ሠላሳ እንደቀረው ያውቅ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ከዚያች ቁጥር ሌላ በእርግጥ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

“ደረሱ” አለው።

እንግዳው ቀልድ መስሎት በሳቅ ሲያጎነብስ፣ ቀስበል ጫማዋን ይዞ በጎኑ አልፎ ቁልቁል ወረደ።