የሰባተኛው መዝሙር ባለቤት

ዘኪያ በዕድሜዋ ብዙ ስም ወጥቶላታል፤ ምላሰ ረጅም ተብላለች፣ ዐረብ አገር የምትኖርበት ሰፈር፣ የመንፉሐ፣ አዛዥ ተብላለች። «ያልታወቀ» ስትባል ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ምኞት፣ ያቺ ግድግዳ ተጋርታ ጊታር ስትሞክር ሰፈሩን እንቅልፍ የነሳችው ጎረቤት፣ አገር ቤት ገብታ የልጆች መዝሙር አልበም አወጣች፤ አልበሙም አዲስ አበባ ላይ የዓመቱን ሽልማት አገኘ። ልጇን ሃፍሳን ዘኪያ ዘንድ ጥላ ሰው ቤት የምትሠራው ሙሉ፣ በጁምዓ ዕረፍቷ መጥታ የመዝሙሮቹን ዝርዝር ከስልኳ አነበበችላት። «እናትሽ በማዳም ቤት» የተባለው ሰባተኛው ላይ «ግጥምና ዜማ፦ ባለቤቱ ያልታወቀ» ይላል።

«ማነው ያላወቀኝ?» ብላ ጮኸች ዘኪያ። «የባቃላው ባለሱቅ እንኳ በስሜ ነው የሚጠራኝ!»

«እትዬ፣ ወላሂ የኔ አይደለም ያሉት እርስዎ ነዎት እኮ።»

እውነቷን ነው። ዘኪያ ፊደል ስለማትቆጥር ጉዳይዋን ሁሉ የምትጨርሰው በድምፅ መልእክት ነው። ባለፈው ዓመት ለሴቶቹ ግሩፕ ሽንኩርት መርከሱን ልትናገር ስልኩን ጫን እንዳደረገች ሃፍሳ ከእንቅልፏ ነቅታ አለቀሰች። ዘኪያ ጣቷን ማንሳት ረስታ ልጅቷን ታቀፈችና አንጎራጎረች፦

እናትሽ በማዳም ቤት ሳህን ታጥባለች፣
አንቺ ስትተኚ እሷ ትመጣለች።

ግጥሙን እዚያው ነው የፈጠረችው። እናትየው የምትመጣው በሳምንት አንዴ ስለሆነ ውሸትም አለበት። ድምፁንማ ተዉት፤ ዘይት የራቀው የብረት በር ይሻላል። አርባ ሴት ሰማው። «እትዬ ዘኪያ፣ አልበሙ መቼ ይወጣል?» እያሉ ሲስቁባት ኩራቷ አላስችል አላትና «ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ የጎረቤት ራዲዮ ነው!» ብላ ማለች። ስለ ሽንኩርት ጀምሮ መሐል ላይ የሚያስል ራዲዮ! ምኞት ብቻ አልሳቀችም። በሯን አንኳኩታ «ይቺ ዜማ የማን ናት?» ብትላት ግን ዘኪያ «የሰው ነገር አታነፍንፊ» ብላ ሸኘቻት።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ያልታወቀች ሆኖ መቅረት ወይስ ውሸታም ተብሎ መታወቅ? በከንቱ የማለውን ሁሉ ስትገሥጽ የኖረችው እሷው ናት።

ሙሉ ከስልኳ ላይ መዝሙሩን ከፈተችው። የምኞት ድምፅ ማር ነው፤ ዘኪያም ቢመራትም አመነች። ሃፍሳ ግን ትንሽ አዳመጠችና ፊቷን አዞረች።

«እንዲህ አይደለም። አንቺ በዪው።»

አርባ ሴት የሳቀበትን ድምፅ የወደደ አንድ ጆሮ ተገኘ። የአራት ዓመት ጆሮ ነው፤ ምን ያውቃል! ቢሆንም ዘኪያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የሚያያት ያለ ይመስል ተኮፍሳ፣ ያንኑ ግሩፕ አስከፈተችና ስልኩን ጫን አደረገች።

«ያላ፣ ሁላችሁም ስሙ። ያ ራዲዮ እኔ ነኝ። መሐላውን ሦስት ቀን ጾሜ ከአላህ ጋር እጨርሳለሁ፤ እናንተን አያገባችሁም። ምኞት፣ እህቴ፣ ሽልማትሽን አልፈልግም፣ ዘፍነሽ ያገኘሽው ነው። ያንን ‹ያልታወቀ› የሚለውን ግን ዛሬውኑ አንሺና ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጻፊበት። ስትጨርሺ ራስሽ አንብበሽ በድምፅ ላኪልኝ፤ ሌላ ሰው ቢያነብልኝ አላምንም።»