አስተርጓሚዋ የቆዩበት ቀን

«አንቺስ ከብርሃነሽ ጋር በምን ትተዋወቁ ነበር?»

ለቅሶ ቤቱን የሚያስተናግዱት ወይዘሮ መሠረት ይህን የጠየቁት ሻይ እያቀበሏት ነው። ዙሀራ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀበለች።

«ባስ ላይ» አለች። «አንድ ሰፈር ነን። ባስ ላይ እንተያይ ነበር።»

ወይዘሮ መሠረት ያበጠውን ዓይኗን አዩት። ባስ ላይ ለሚያዩት ሰው እንዲህ አይለቀስም። ግን አልገፉበትም። «ብዪ እንጂ፤ የጾም ነው፣ ላንቺም ይሆናል» ብለው የምስር ሳምቡሳውን አስጠጉላት።

ወይዘሮ ብርሃነሽ የተቀበሩት ትናንት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጡ ካፖርታቸውን እንደለበሱ በራቸው ላይ ወደቁ፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ካናዳ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ ዐሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤታቸው አሁን በሰው ሞልቷል። ብቸኛ ልጃቸው ራኬብ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። አታለቅስም። የሚመጣውን ሁሉ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ትላለች፣ እንደገና ወደ በረዶው ታያለች።

ዙሀራ ከመጋዘን ሥራዋ በቀጥታ ነው የመጣችው። አጠገቧ ያሉት ሴቶች በሹክሹክታ ያወራሉ።

«ሆስፒታል ነበር አይደል የምትሠራው? ነርስ ነበረች?»

«ኧረ ጽዳት መሰለኝ።»

«እንጃ። ስለ ሥራዋ ተናግራ አታውቅም።»

ዙሀራ ታውቃለች። አፏ ድረስ መጥቶ ከሻይዋ ጋር ዋጠችው።

ከስድስት ዓመት ተኩል በፊት ግንቦት ላይ ፊርደውስ ስትወለድ ዙሀራ ካናዳ ከገባች ዓመት አልሞላትም። ባሏ ሙሀጅር የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ሳምንት ሩቅ ነበር። ልጅቷን ደረቷ ላይ ሳያስተኙላት ወሰዷት። በማግስቱ ስታያት በደረቷ ተደፍታ፣ ባፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ ገብቶ ነበር። የታችኛው መንጋጋዋ በጣም ትንሽ፣ ወደ ኋላ የገባ ነው። በጀርባዋ ሲያስተኟት ምላሷ ወደ ኋላ ወድቆ ትንፋሿን ይዘጋዋል። ላንቃዋም ተሰንጥቋል፤ ጡት መሳብ አትችልም።

የባሏ እናት ከኮምቦልቻ ደወሉ። «በእርግዝናሽ ምን አይተሽ ደንግጠሽ ነው?» አሏት።

ከሐኪሟ ጋር ስትነጋገር መሐል ላይ አንዲት ጠይም፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ተቀመጡ። «ስሜ ብርሃነሽ ነው፣ አስተርጓሚ ነኝ። የተባለውን ሁሉ እተረጉማለሁ፤ ከራሴ አልጨምርም፣ አልቀንስም። የሰማሁትም ከዚህ አይወጣም» አሏት።

እውነትም አልጨመሩም። ዙሀራ እጃቸውን ይዛ፣ «እትዬ፣ የእርስዎ ልጅ ብትሆን ምን ያደርጉ ነበር?» ስትላቸው፣ ጥያቄውን ወደ ሐኪሟ ዘወር ብለው በእንግሊዝኛ ተናገሩት። ዙሀራ ጠላቻቸው። ያገሬ ሰው ብዬ፣ ይቺ ድንጋይ ናት አለች በልቧ።

ቀጥላ ወደ ወለሉ እያየች ጠየቀች፤ «የኔ ጥፋት ነው?»

ሐኪሟ መለሰች። ወይዘሮ ብርሃነሽ ተረጎሙ። «አይደለም። ያደረግሽው ወይም ያላደረግሽው ነገር አይደለም ያመጣው።»

ዙሀራ ቀና አላለችም። ሐኪሟ ወረቀቷን ገልጣ ወደ ሌላ ነገር ልታልፍ ስትል፣ ወይዘሮ ብርሃነሽ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። የተባለው የተሰማ አይመስለኝም፣ ልድገመው ወይ ብለው አስፈቀዱ። ደገሙት። ዙሀራ አሁንም ወለሉን ታያለች። ሦስተኛ አስፈቀዱ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰበረና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዙሀራ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ዙሀራ እንደገና መጣች። ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ሰው ትንሽ ሳሳ ሲል ወይዘሮ መሠረት ራኬብን፣ «አልቅሺ እንጂ ልጄ። እንዲህ ታፍኖ አይሆንም» አሏት።

«አልመጣ አለኝ እኮ» አለች ራኬብ። «እማዬ ሁሌ ዝምተኛ ነበረች። ከሥራ ትመጣለች፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ቤንቹ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች፣ ከዚያ ትገባለች። ‹ሥራ እንዴት ነበር› ስላት፣ ‹ደህና›። በቃ። ዩኒቨርሲቲ የተመረቅኩ ቀን እንኳ አልመጣችም። ሁለት ትኬት ሰጥተውኝ ነበር፤ ሌላ የምጠራው ሰው የለኝም። ማታ መጣችና ‹ሥራ ነበረኝ› አለች። ሶሪ እንኳ አላለችኝም።»

«መቼ ነው የተመረቅሽው?» አለች ዙሀራ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ራኬብ ገና አሁን ያየቻት ያህል ዞር አለች። «ስድስት ዓመት አልፎታል፣ ጁን ላይ። ረቡዕ ነበር። ሳያት የሚታየኝ ያ ቀን ነው፤ አሁንም፣ ሞታም። ሰው ስለ እናቱ እንዲህ ይላል?»

ዙሀራ ያን ረቡዕ ታውቀዋለች።

ያን ረቡዕ ጠዋት የፊርደውስ ከንፈር ጠቆረ። ሐኪሞቹ ሮጡ። ለሳምንት የተቀጠረው ኦፕራሲዮን ዛሬውኑ ይሁን ተባለ። መንጋጋዋ በሁለቱም በኩል ይቆረጥና ብረት ይገባል፤ ብረቱ በየቀኑ ጥቂት እየተዞረ አጥንቱን ወደ ፊት ይስበዋል። ወይዘሮ ብርሃነሽ ይህን ቃል በቃል ተርጉመው፣ ዙሀራ ፈርማ ሲያበቁ እኩለ ቀን ሆነ። የሥራ ሰዓታቸው አለቀ። ሐኪሞቹ ልጅቷን ይዘዋት ሄዱ። ኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ፤ የሚተረጎምለትም ሰው አልነበረም።

«አይሂዱብኝ» አለቻቸው።

ወይዘሮ ብርሃነሽ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቦርሳቸውን መሬት አስቀምጠው አጠገቧ ተቀመጡ። አላጽናኗትም፤ አላወሩም። ሐኪሟ ወጥታ ደህና ናት እስክትል ድረስ ለአራት ሰዓት ተኩል ያህል ተቀመጡ፤ የሐኪሟንም ቃል ተረጎሙና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ባስ ላይ ሲገናኙ እንደማያውቋት ሆኑ። የሥራቸው ደንብ ነበር፤ ቀድማ ካልሰላመቻቸው አይሰላሟትም። ዙሀራም ሰው «ከየት ታውቂያቸዋለሽ» እንዳይላት ፈርታ አንገቷን ብቻ ትነቀንቃለች። ሴትዮዋ ግን ባሱ ሲቆም፣ ከመውረዳቸው በፊት፣ የልጅቷን አገጭ አንድ ጊዜ ያዩት ነበር።

ከለቅሶው ስትመለስ፣ አመሻሹ ላይ ሙሀጅር ከመንገድ ደወለ። ለራኬብ ልትናገር ያሰበችውን ነገረችው።

«ለቅሶ ደረስሽ፤ በቃ» አላት። «አገር ቤት እንኳ ‹ብርድ መቷት ነው› ብለን ያለፍነውን ነገር! ነገ ልጅቷ ስታድግ እንዲህ ነበረች ይሏታል። የሰው አፍ ታውቂያለሽ።»

«ሴትዮዋ ምስጢራችንን ይዘው ሞቱ፣ ሙሀጅር። ልጃቸው እናቴ ጨካኝ ናት ብላ ልትቀር ነው።»

ሙሀጅር «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለ።

በሦስተኛው ቀን ፊርደውስን ከትምህርት ቤት ይዛት መጣች። ልጅቷን ወይዘሮ መሠረት ዘንድ አስቀምጣ ራኬብን ለብቻዋ ልታናግራት ጠየቀቻት። መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ዙሀራ ቆማ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። የሰዓቱን ነገር ስትነግራት ራኬብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስለዚህ ካንቺ ጋር ነበረች።»

«ከኔ ጋር። ልጅ እንዳላቸው እንኳ አላውቅም ነበር።»

«ለምን አልነገረችኝም? ዋን ወርድ! የታመመች ቤቢ አለች ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«አይፈቀድላቸውም ነበር። እኔን ግን የሚከለክለኝ አልነበረም። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ባስ ስሳፈር አንድ ቀን አመሰግናለሁ አላልኳቸውም። ሰው እንዳይሰማ ፈርቼ።»

«ያን አዳራሽ አታውቂውም» አለች ራኬብ። «ሁሉም ቤተሰቡ እየጮኸለት፣ የኔን ስም ሲጠሩ ዝም።»

«አዎ።»

«ይቅር እንድልሽ ነው የምትፈልጊው? ደስ እንዲለኝ ነው?»

«አይደለም። እንድታውቂው ነው።»

ራኬብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለቅሶዋ መጣ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ በኋላ ግን ሳሎን ያሉት ሁሉ ሰሙት። ዙሀራ ልትነካት እጇን ዘርግታ ተወችው። አጠገቧ ተቀመጠች፤ አላወራችም።

ሲወጡ ወይዘሮ መሠረት የፊርደውስን አገጭ ቀና አድርገው ከሥሩ ያሉትን ሁለት ጠባሳዎች እያዩ ነበር። «ምን ሆና ነው?» አሉ።

ሳሎን ያሉት ሁሉ ወደ ዙሀራ ዞሩ። 

«ስትወለድ መንጋጋዋ ትንሽ ነበር። መተንፈስ አትችልም ነበር» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሆስፒታል ያስተረጎሙልኝ ወይዘሮ ብርሃነሽ ናቸው።»

ከሴቶቹ አንዷ ከንፈሯን መጠጠች።  ከፊሎቹ ልጅቷን፣ ከፊሎቹ ሻያቸውን አዩ። ዙሀራ ጆሮዋ እየጋለ ጫማዋን ለማድረግ ጎንበስ አለች።

ፊርደውስ የክረምት ጃኬቷን ለብሳ ዚፑ አልያያዝ ብሏታል። «ካን ዩ ሄልፕ ሚ?» አለች፣ ባፍንጫዋ ወጣ በሚለው ድምፅዋ፣ አጠገቧ ለቆመችው ለራኬብ።

ራኬብ ተንበረከከች። ዓይኗ ገና እርጥብ ነው። ዚፑን አያይዛ ወደ ላይ ሳበችው። አንገቷ ጋ ሲደርስ ቆመች። በሌላው እጇ ጣት፣ ዚፑ እንዳይቆነጥጠው፣ የልጅቷን አገጭ ቀስ ብላ ከለለችና ቀሪውን ጥቂት ጥቂት እያለች ዘጋችው።