ሰሌዳ የሌላት ብስክሌት

አምሳሉ የመኪናውን በር የከፈተው ወደ ኋላ ሳያይ ነው። ሰው ይመጣል ብሎ አላሰበም፤ ቢመጣስ ቆሞ ያሳልፈዋል እንጂ ምን ይሆናል? ግው የሚል ድምፅ ሰማ፤ በሩ ከእጁ አመለጠ። ሲወርድ አንዲት ልጅ ከነብስክሌቷ አስፋልቱ ላይ ተዘርራለች።

ቀኑ እሑድ ነው። መኪናውን ያቆመው ከልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ ከሁመድ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ለብስክሌት ተብሎ በተቀባው መስመር ላይ ነው። መስመሩ ከተቀባ ወዲህ ሌላ ቦታ አቁሞ አያውቅም። በእሱ ዓይን ብስክሌት መኪና መግዛት ያቃተው ሰው ጉድ ነው፤ ለዚህ ጉድ መንገድ ተከልሎ፣ ቀለም ተቀብቶ መሰጠቱን ባየ ቁጥር ከንፈሩ ይጣመማል።

ዛሬ ግን ከንፈር የማጣመሚያ ጊዜ አልነበረም። መኪናው የመሥሪያ ቤት ነው፤ እሑድ ለግል ጉዳይ ማንቀሳቀስ ክልክል ነው፤ አንድ ጊዜ ተይዞ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። አደባባዩ ጋ የቆመችው የትራፊክ ፖሊስ መጥታ ከመዘገበችው መኪናው ይነጠቃል። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ተክለ ሃይማኖት የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ማመልከቻቸውን ውድቅ ካደረገባቸው ሰዎች ኋላ ቆሞ መጋፋት ነው።

አምሳሉ በአንድ መድን ድርጅት የካሳ ክፍል ኃላፊ ነው። አደጋ የደረሰበት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እንጀራውም ሰዎቹ ባለማወቃቸው ላይ የተጋገረ ነው። ስለዚህ ጊዜ አላጠፋም። መጀመሪያ ፔዳሏ የታጠፈውን ብስክሌት አንስቶ ግድግዳ አስደገፋት። ቀጥሎ ልጅቷን በብብቷ ይዞ አቆማት፤ የቀሚሷንም አቧራ አራገፈላት። ከዚያ ሱቁ ውስጥ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ደህና ነሽ አይደል፣ የኔ ልጅ?»

ልጅቷ ግራ እጇን በቀኟ ደግፋ ይዛለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ጋሼ» አለች።

አምሳሉ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ቤቱ ተቃጥሎ አመዱ ላይ ተቀምጦ እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት እግዚአብሔር ይመስገን የሚል ሕዝብ! በዚህች በአንዲት መልስ ስንቱን ባዶ እጁን ሸኝቷል።

«ሰማህ አይደል፣ ሁመድ?»

ባለሱቁ ሁመድ አንገቱን በመስኮቱ አወጣ። «ሰምቻለሁ፣ ጋሽ አምሳሉ። እጇን ግን አልወደድኩትም።»

«ድንጋጤ ነው። ውሃ ስጣት። ስምሽ ማነው?»

«ደሚቱ።»

«ወዴት ነበር የምትሄጂው፣ ደሚቱ?»

«ሥራ። ተክለ ሃይማኖት ፀጉር ቤት ነው ያለሁት፣ ሹሩባ እሠራለሁ። ደንበኛ እየጠበቀችኝ ነው።»

«በይ እንዳታመልጥሽ። ጎማሽም አልተጣመመም። ልደታ ናት ያተረፈችሽ።»

ደሚቱ ውሃውን ተጎንጭታ ወደ ብስክሌቷ ሄደች። መሪውን ስትይዝ የግራ እጇ ጣቶች አልታጠፍ አሏት። ሰው እንዳያይባት ወደ ሆዷ አስጠግታ ሸሸገችው፤ አንድ እግሯንም አሻገረች። አምሳሉ በልቡ ሸኛት። አደባባዩ ጋ የቆመችው ትራፊክ እስካሁን ዞር ብላ አላየችም።

ሂርጳ የመጣው ያኔ ነው።

ሂርጳ የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። ነጠላውን አጣፍቶ ከቅዳሴ መመለሱ ነው፤ የኮሚቴ መታወቂያው ግን ከነጠላው በላይ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ውሃ ሲጠፋ ስለ ውሃ፣ መብራት ሲጠፋ ስለ መብራት ሳይጠየቅ ብይን የሚሰጥ ሰው ነው። አምሳሉ በደረጃው ላይ ሲያገኘው ሰላም የሚለው ግድግዳውን እያየ ነው።

«ማነው አቶ አምሳሉን የነካብን?» አለ ሂርጳ። «አንቺ! ማንን እንደገጨሽ ታውቂያለሽ?»

«እሳቸው ናቸው በሩን...»

«ዝም በይ! ሰሌዳ አለሽ? የታለ ሰሌዳሽ?» ሰው መሰብሰብ ስለጀመረ ሂርጳ ወደ ሰዉ ዞረ። «ሰሌዳ የሌለው ነገር መንገድ ላይ እንደሌለ ነው የሚቆጠር! መድን አያውቀውም። እንዲያውም የተፋቀውን በር ማስቀባት ያለባት እሷ ናት!»

«እውነትም ሰሌዳ የላትም» አለች ዳቦ የያዘች ሴት።

«ይተዉ አቶ ሂርጳ፣ ተስማምተናል» አለ አምሳሉ ጥርሱን ነክሶ።

«እንዴት እተዋለሁ! እኔ እያለሁ ሕጉን ባለማወቅዎ ይበደሉ? እርስዎ የቢሮ ሰው ነዎት፤ የመንገዱን ነገር ለሚያውቅ ይተዉልን።»

አምሳሉ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቅ ነበር። ቂሉ እየተሟገተለት ነው፤ ልጅቷም እግሯን ፔዳሉ ላይ አድርጋለች። ግን ዕድሜውን ሙሉ የቆመበት ዕውቀት፣ በዚህ ሰው፣ በእነዚህ ባለዳቦዎች ፊት!

«ምን አሉ?» አለ። «የሦስተኛ ወገን መድን የሚጠይቀው የመኪናውን ሰሌዳ ነው! የተጎጂውን ሰሌዳ ማን ጠየቀ? እግረኛ ሰሌዳ አለው? እርስዎ ሲገጩ ግንባርዎ ላይ ሊፈለግ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ አምሳሉን እንደ ጠጅ ሞቀው።

ሂርጳ ግን አልተሸነፈም። «ቢሆንም፣ ደህና ነኝ ብላለች አሉ። አበቃ!»

«የሚያበቃው ለደንቆሮ ነው! የደነገጠ ሰው ምን ሕመም ይሰማዋል? እብጠቱ ማታ ነው የሚመጣው። ራሱን የተመታ ሰው ደግሞ ቤቱ ገብቶ ነው የሚያጥወለውለው። ጭንቅላት ያላት ልጅ ብትሆን፣ ሐኪም ሳያየኝ አላውቅም ትላለች እንጂ ደህና ነኝ ትላለች? ትራፊክ ሳይመጣ ትሄዳለች? የመኪናውን አቋቋም በስልኳ ታነሳለች፤ ያየውን ሰው ስልክ ትይዛለች። የታጠፈውን ፔዳል እንኳ ሳታስነካ ታቆየዋለች፤ ማስረጃ ነዋ! ግን የትኛው ብስክሌተኛ ነው ይህን የሚያደርግ? አንዱም! አቧራውን አራግፎ ይሄድና ከርሞ፣ እጁን በጀሶ ጠቅልሎ መጥቶ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያለቅሳል። እኔም እንዲህ አድርጌ...»

የቢሮውን በር የሚያሳይ ይመስል እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

ሳቁ አልቋል። ደሚቱ ያሻገረችውን እግር መልሳ አወረደች። ብስክሌቷን በደህናው እጇ እየገፋች ወሰደችና ከተከፈተው በር ሥር፣ የወደቀችበት ቦታ ላይ አጋደመቻት። ከዚያ ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

«ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ ጋሼ፤ በሩን ከልለውብኛል።»

አምሳሉ ፈቀቅ አለ። ለምን ፈቀቅ እንዳለ እሱም አልገባውም።

«ወንድሜ፣ ስልክህን ትሰጠኛለህ?» አለች ወደ ሱቁ። ሁመድ ተናግራ ሳትጨርስ ቁጥሩን ነገራት። «ሲከፍት አይቻለሁ» አለ ጨምሮ፣ አምሳሉን ሳያይ። ደሚቱ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። እጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ጭኗ ላይ ገልጣ አስቀመጠችው። አንጓዋ ከአሁኑ እንደ ቡሄ ዳቦ ተነፍቷል።

አምሳሉ ጎንበስ አለ። «የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ስለ ሌላ ሰው ነው የተናገርኩት።»

«ገብቶኛል ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ፤ እርስዎ ባይነግሩኝ ማን ይነግረኝ ነበር።»

በድምፅዋ ውስጥ ፌዝ ፈለገ፤ አላገኘም። ፌዝ ቢሆን ይንቃት ነበር።

«ደንበኛሽስ?»

«በዚህ እጅ ምን ልሠራላት?»

ሰዉ ተከፈለና ትራፊኳ መጣች። የተጋደመችውን ብስክሌት አየች፤ የተከፈተውን በር አየች፤ በሩ ላይ የተጻፈውን የድርጅት ስም ስታነብ ትንሽ ቆየች።

«ደህና ነሽ፣ እህቴ?»

ደሚቱ አፏን ለተለመደው መልስ ከፈተች። ከዚያ አምሳሉን አየችው።

«ሐኪም ሳያየኝ አላውቅም» አለች።

«ጎሽ» አለች ትራፊኳ። «ማን ነው ሹፌሩ?»

አምሳሉ መልስ ሳይሰጥ ሂርጳ መታወቂያውን ከፍ አድርጎ በሰዉ መሀል ሰንጥቆ ገባ። «እኔ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ነኝ! ልጅቷ ሰሌዳ የላትም፤ ይኼ ይመዝገብልን! አይዞዎት አቶ አምሳሉ፣ እኔ አለሁልዎት።»

አምሳሉ ይህን ፊት አየው፤ ላቡን፣ የተንጠለጠለውን መታወቂያ፣ ምንም የማይገባውን ደስተኛ ዓይን። አሁንም ዝም ማለት ይችል ነበር።

«የሚጠየቀው የእኔ ሰሌዳ ነው አልኩዎት እኮ!» ብሎ ጮኸ። «የእኔ! አይገባዎትም?»

«እሺ» አለች ትራፊኳ እስክሪብቶዋን እየነቀለች። ወደ መኪናው ኋላ ዞራ ጎንበስ አለች፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ጭቃም በጫማዋ ጫፍ ጠረገችው።