የሐጂ ማህጁብ ካርድ ጀርባ

የሐጂ ማህጁብን የዓመት ካርድ የገዛ ሰው ያተርፋል ወይስ ይከስራል የሚለው ጥያቄ በ1987 ዓ.ም. አሶሳ ላይ ከክልሉ በጀት እኩል አከራክሯል። ክልሉ አዲስ ነበር። ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ ከየአገራችን ተመድበን የመጣነውም ለቦታው አዲሶች ነበርን። የሚያከራክር ነገር ብቻ አላጣንም።

ሐጂ ማህጁብ የአሶሳ ተወላጅ ነጋዴ ናቸው። ካርቱም ሄደው መዝናኛ የሚባል ነገር አይተው ተመለሱና ከሆቴላቸው አጠገብ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር፣ የራሳቸውን ከፈቱ። ሁለት ዥዋዥዌ አለው። በተጨማሪ ስድስት የእንጨት እንስሳት የተተከሉበት፣ በእጅ እየተገፋ የሚዞር ትልቅ ክብ ጣውላ አለ። አናጢው ሁለት ዓይነት እንስሳ ብቻ ስለሚችል ሦስቱ አህያ፣ ሦስቱ ፍየል ናቸው። የሚገፋው ዐወድ የሚባል የቀድሞ ወታደር ነው። ካርድ የያዘ ሰው ከነቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ እንዳሻው ይዞራል። ከካርዱ ጀርባ ደግሞ "የካርዱ ባለቤት በሆቴላችን አልጋ ሲይዝ ግማሽ ዋጋ ይከፍላል" ይላል።

"እዚሁ የሚኖር ሰው ሆቴል ምን ይሠራለታል?" ይላል ገቢሳ፣ የቢሯችን ሒሳብ ሠራተኛ። "መንገደኛ ካርድ አይገዛም፤ ካርድ የሚገዛው ደግሞ አልጋ አይዝም። ሐጂ ነገዱ፣ እናንተ ዞራችሁ።"

ነገሩ ልክ ነበር። እኔ ግን ገዛሁ።

የገዛሁት በሚስቴ በእስከዳር ምክንያት ነው። እስከዳር ደብረ ማርቆስ ታስተምራለች፤ እኔ ወደ አሶሳ ስመደብ አብራኝ አልመጣችም። ታኅሣሥ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ "በመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ለአራት ቀን እመጣለሁ። የሚኖርበት አገር ከሆነ ዝውውር እጠይቃለሁ። ካልሆነ አንተም እዚያው፣ እኔም እዚሁ። ቁርጡን እንወቅ።" እስከዳር ቁርጥ ካለች ቁርጥ ነው። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፈራሁ።

የምኖረው ከገቢሳና ከአንድ የግብርና ባለሙያ ጋር በአንድ ክፍል ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አቧራ ስትቅም የመጣች ሴት የገቢሳን ማንኮራፋት ሰምታ ዝውውር አትጠይቅም። የሚቆለፍ በር፣ ንጹሕ አንሶላና አጎበር ያስፈልጋል። ካርዱ ይህን በግማሽ ዋጋ ይሰጣል።

ከቅናሹ ሥር ደቀቅ ባለ ጽሑፍ "የመንግሥት ስብሰባ በሌለ ጊዜ" ይላል። ይህን ሳነብ ሳቅኩ። የስብሰባውን ደብዳቤ የሚጽፈው ማን ሆነና? በቢሮው ደብዳቤ የማረቅቀው እኔ ነኝ። አለቃዬ አቶ በቃሉ "የጫኔ ደብዳቤ ድንጋይ ያንቀሳቅሳል" ይሉኛል፤ እኔም አምኜ ተቀምጫለሁ። የሚቀጥለው ስብሰባ እስከዳር ከመምጣቷ አሥር ቀን ቀድሞ ያልቃል።

ለዚያ ስብሰባ ከመተከል የሚመጡት ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። "ለዘጠኝ ሰው አልጋ ይያዝልን" ብሎ መጻፍ ይበቃ ነበር። ለእኔ ግን ሰለለብኝ። ስለዚህ ለሐጂ ማህጁብ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ "ስብሰባው እስኪጠናቀቅ ድረስ በሆቴልዎ የሚገኙ አልጋዎች በሙሉ ለመንግሥት እንግዶች ተይዘው እንዲቆዩ በጥብቅ እናሳስባለን።" አቶ በቃሉ ፈረሙ፤ ማኅተም ተመታበት። ግልባጩን ምሳ ሰዓት ላይ እንደገና አውጥቼ አነበብኩት፤ እንዲያ ነበር ያማረልኝ።

በዚያ ዘመን ከመተከል አሶሳ ለመምጣት ሌላ ክልል አቋርጦ መዞር ግድ ነበር። የተሰብሳቢዎቹ መኪና መንገድ ላይ ተበላሸና መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እዚያው ቆሙ። አቶ በቃሉ ሊያመጧቸው ሄዱ። ስብሰባው ስላልተጀመረ አልተጠናቀቀም። እኔ ግን አልተጨነቅኩም። ባዶ ክፍል ባዶ ክፍል ነው አልኩ።

እስከዳር ከአውቶቡስ ስትወርድ ቅንድቧ ሳይቀር አቧራ ለብሷል። ሻንጣዋን ተሸክሜ በቀጥታ ሆቴል ወሰድኳትና ካርዴን አወጣሁ።

"አህለን ያ ኡስታዝ" ብለው በአረብኛ ተቀበሉኝ ሐጂ። "ክፍል የለም።"

"ሐጂ፣ የስምንቱም ክፍል ቁልፍ ከኋላዎ ተሰቅሏል እኮ።"

"ቁልፍ አለ። ክፍል የለም።" ከንግድ ፈቃዳቸው ጎን በላስቲክ ተሸፍኖ የተሰቀለውን ደብዳቤ አወረዱ። "በሙሉ ይላል። ማኅተም አለች።"

"የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ! ሰዎቹ ዘጠኝ ናቸው፤ እነሱም አልመጡም።"

"አውቃለሁ። ዋላሂ፣ ደብዳቤ አንተ በጣም ጥሩ ነው።" እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "እኔ ስልሳ ዓመት ነው። መንግሥት ለእኔ ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም። አሁን የእኛ ክልል መጣ፣ 'ሐጂ ማህጁብ' ብሎ ጻፈ። እኔ ይህን አልሰብርም። ሌላ ደብዳቤ አምጣ፣ ማኅተም አምጣ፣ ክፍል ይከፈታል።"

ማኅተሙ አቶ በቃሉ ጋ ነው። አቶ በቃሉ መንገድ ላይ ናቸው። የገዛ ዳቦዬን ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይህ ነው።

እስከዳር ደብዳቤውን ተቀብላ ፈተና እንደምታርም ከላይ እስከ ታች አነበበችው። "'በጥብቅ እናሳስባለን'" አለች። "ለእኔም እንዲህ ነው የምትጽፍልኝ።" መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሐጂ ሚስታቸውን ሀምዲያን ተጣሩ። "እንግዳ ነው እሱ" አሉ ወደ እስከዳር እያሳዩ። "ሴት እንግዳ ሴት ጋ ያድራል።" ሀምዲያ ሻንጣውን ከእጄ ተቀብላ እስከዳርን ይዛ ወደ ግቢው ገባች። ልከተል ስል ሐጂ ክንዴን ያዙኝ። "አንተ ካርድ አለህ" አሉኝ። "ነገ መዝናኛ ትመጣለህ፣ ሚስት እዚያ ታገኛለህ።"

አራት ቀን ሙሉ ሚስቴን ያገኘኋት እዚያ ነው። አለቃ ስለሌለ ከቢሮ በዘጠኝ ሰዓት እወጣለሁ። እሷ ፍየል ላይ፣ እኔ ከኋላዋ አህያ ላይ እንቀመጣለን። ዐወድ "ተዘጋጅ!" ይልና ይገፋል። በመጀመሪያው ቀን ጀርባዋን እያየሁ ዞርኩ።

በሁለተኛው ቀን ሀምዲያ ገበያ እንደወሰደቻት፣ ገንፎ በባሚያ ወጥ እንዳበላቻት ነገረችኝ። በሦስተኛው ቀን የሀምዲያን ልጆች ትምህርት ቤት አይታ መጣች። ዳይሬክተሩ አስተማሪ መሆኗን ሲሰማ ወንበር ፍለጋ ራሱ ሮጠ አለችኝ። ሆቴል አግኝቼላት ቢሆን ከቢሮ እስክመለስ ግድግዳ ስታይ ትውል ነበር። ይህን እኔ አላሰብኩትም።

"ሐጂ ሱዳን ሲነግዱ ሀምዲያ ሁለት ዓመት ጠብቃቸዋለች" አለች በአራተኛው ቀን፣ ፊቷን ሳታዞር። "እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኳት።"

"ምን አለችሽ?"

"'ጥሩ አይደለም' አለች። ሌላ አልጨመረችም።"

እኔም ያን ጊዜ ያለ ረቂቅ ተናገርኩ። "እስክዬ፣ ናፍቀሽኛል። እዚህ ብቻዬን በጣም ከፍቶኛል" አልኳት። ዐወድ አፍሮ መግፋቱን አቆመ። እስከዳር ከፍየሏ ላይ ዞራ አየችኝና አልቅሳ ስታበቃ "ግፋው እንጂ" አለችው። እሱም ገፋው።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት። ሀምዲያ የቋጠረችላትን ስንቅ ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት አንገቷን ብቅ አደረገች።

"የዝውውር ማመልከቻዬን ዛሬ ሳምንት አስገባለሁ" አለች።

ሌላ የምሰጣት ነገር አጣሁና "እኔ ላርቅቅልሽ?" አልኳት።

"ተወው፣ ራሴ እጽፈዋለሁ። አንተ 'በሙሉ' ትልና ደብረ ማርቆስን ከነሕዝቧ ታዛውርልኛለህ።"

ተሰብሳቢዎቹ በሳምንቱ ደረሱ፤ ስምንቱም ክፍል ተከፈተ። ያን ቀን ገቢሳ ቅናሹን ተጠቅሜበት እንደሆነ ጠየቀኝ። አልተጠቀምኩም አልኩት።

"ብዬህ ነበር" አለ።

መስከረም ላይ እስከዳር ተዛውራ መጣች፤ እኔም አልጋዬን ለገቢሳ ትቼለት ወጣሁ።