ዝም የሚለው አስመሳይ

አስመሳይ ማለት በሌላው ቦታ ቆሞ፣ ያ ሌላው ቢጠየቅ የሚለውን በእርጋታ የሚል ነው፣ ከውሸታም ይለያል፣ ውሸታም ሰውን ያታልላል፣ አስመሳይ የሚያታልለው ፕሮግራም ነው፣ ፕሮግራም ሠሪዋ ሱንዱስ በዚህ ትርጉም ትኮራለች፣ ማን ሊከለክላት። ከቢሮዋ መስኮት ማዶ የቱኒዚያው የስፋክስ ወደብ፣ ባሕሩ፣ ደሴቲቱ። ወደ ደሴቲቱ የሚሻገረው መርከብ የትኬት ፕሮግራም ከመሸጡ በፊት የነፋሱን ኃይል ሩቅ ያለ ሰርቨር በኢንተርኔት ይጠይቃል፣ ነፋሱ ከበረታ ሽያጭ የለም። ሲሞክሩት ግን እውነተኛውን አይጠይቁም፣ ማዕበል እስኪነሣ ማን ይጠብቃል፣ አስመሳይ ያቆማሉ። የባልደረባዋ የላምጀድ አስመሳይ ጨዋ ነበር፣ ተጠይቆ ሁልጊዜ ይመልሳል፣ ሙከራው ሁሉ አረንጓዴ፣ አለፈ፣ ላምጀድም ላብላቢውን፣ የሽንብራ ሾርባውን፣ እየበላ፣ አለቀ እህቴ፣ ከኢድ በፊት እንልቀቀው፣ አገጩ ላይ የሃሪሳው፣ የቃሪያ ድልሁ ዘይት።

የሱንዱስ አስመሳይ ግን ባለጌ ነው። ተጠይቆ ዝም ይላል። ፕሮግራሙ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ባዶውን መልስ ዜሮ ብሎ መዘገበ፣ ዜሮ ነፋስ፣ ባሕሩ መስተዋት፣ ትኬቱን ሸጠ፣ ዝምታን ሰላም ነው ብሎ፣ ስንት ሰው በዚህ ስሌት አግብቷል።

ላምጀድ፣ ና እይ። ምኑን። ሰርቨሩ ዝም ሲል ይሸጣል። አንቺ ደግሞ፣ ያ ሰርቨር ዝም ብሎ አያውቅም እኮ። አያቴም ከመሞታቸው በፊት ሞተው አያውቁም ነበር። ሳቀ፣ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ፣ ተሳፋሪዎቹ ትዝ አሉት መሰለኝ፣ እሺ አስተካክዪው፣ ሰው ሲጮህ ግን ስልኩን የምታነሺው አንቺ ነሽ።

አስተካከለችው። መልስ ከሌለ ሽያጭ የለም። ጥቂት መስመር ናት፣ እንደ ሙሽራ አምባር እያገላበጠች ታያታለች፣ የማያውቀውን አላውቅም የሚል ፕሮግራም፣ ሰው እንኳ ስንቱ ይችላል።

በኢድ ዋዜማ፣ እውነተኛው ሰርቨር ዝም አለ። ስልኩ ይጮኻል፣ እናቷ ናት፣ ከወደቡ፣ ልጄ የትኬት መስኮቱን ዘጉብን፣ ነፋሱን አናውቅም ይላሉ፣ ባሕሩ ፊቴ ተዘርግቶ፣ እኔን አይጠይቁኝም፣ አክስትሽ ደሴቲቱ ላይ ኩስኩሱን አውርዳ እየጠበቀችኝ፣ ይህን ፕሮግራም የሠራ እጁ ይሰበር። እማ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። ዝምታ። ይህንን ሱንዱስ ዜሮ ብላ አታነብበውም።

ባሕሩ እስኪመሽ እንደ ዘይት ረግቶ ዋለ፣ እናቷ ሳትሻገር ሱንዱስ ቤት አደረች።